ወራሽ ነኝ የሚል ይቅረብ

ሰው ሲሞት ፍርድ ቤት ወራሾቹን የሚጠራበት የታወቀ መንገድ አለው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ አጭር ማስታወቂያ ይወጣል፦ የሟች ስም፣ የአመልካች ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀን። ከታች ደግሞ ተቃውሞ ያለው ወይም «እኔም ወራሽ ነኝ» የሚል ሰው ቀርቦ ያስረዳ ይላል። የሚቀርብ ከሌለ ጉዳዩ ይቀጥላል። እኔ እነዚህን ማስታወቂያዎች የማንበብ ልማድ አለኝ። ሁሌም የሚገርመኝ ማስታወቂያው ሳይናገር የሚያስበው ነገር ነው። ወራሹ ጋዜጣው የሚደርስበት አገር ውስጥ እንዳለ ያስባል።

ለሃያ ዓመት ይህ ግምት ለብዙ ቤተሰብ ልክ አልነበረም። ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ቀጥታ ስልክ አይደወልም፣ አውሮፕላን አይበርም፣ አውቶቡስ አይሄድም። እናት እዚህ ትሞታለች፣ ልጅ እዚያ ይኖራል። ፍርድ ቤቱ «ቅረብ» ይላል፤ ልጁ ግን አይሰማም።

በጦርነት ስለተለያዩ ቤተሰቦች ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ናፍቆትና ስለ እንባ ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ማስረጃ ነው። ጦርነት ሰውን ከሰው ብቻ አይለይም፤ የማን ልጅ እንደሆነ ከሚመሰክሩለት ሰዎችም ይለየዋል። ሕጉ ደግሞ ድንበር ተዘጋ ብሎ ቆጠራውን አያቆምም።

የአንድ ወር ጊዜ

ጦርነቱ የተጀመረው ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም፤ እኔም ልጅ ነበርኩ። በዚያው ክረምት ከኢትዮጵያ ከተሞች የኤርትራ ተወላጅ የተባሉ ሰዎች እየተለቀሙ ወደ ድንበር ይጫኑ ጀመር። ነጋዴ፣ መካኒክ፣ ሹፌር፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጡረተኛ፤ ማንም አልቀረም። ብዙዎቹ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው። በ1985ቱ የኤርትራ ሪፈረንደም ድምፅ መስጠታቸው የኤርትራ ዜግነት ለመያዛቸው ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች የተባረሩትን ቁጥር ወደ 75,000 ይገምቱታል። በሌላ በኩል ደግሞ ከኤርትራ የተባረሩ ወይም እንዲመለሱ የተደረጉ ኢትዮጵያውያን ወደ 70,000 ይገመታሉ። እንግዲህ ስለ አንድ ወገን በደል ብቻ እያወራሁ አይደለም።

ቤተሰቡ በጅምላ ቢሄድ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ የተወሰደው አባወራው ነው። ሚስት ኢትዮጵያዊት ከሆነች ትቀራለች፤ ከልጆች አንዱ ከአባቱ ጋር ይሄዳል፣ ሌላው ከእናቱ ጋር ይቀራል። አንድ ቤተሰብ ለሁለት አገር ተከፈለ ማለት ነው።

ንብረቱስ? በአልጀርሱ ስምምነት (ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም.) የተቋቋመው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን ታኅሣሥ 1997 ላይ በሰጠው ውሳኔ ይህን በዝርዝር አይቶታል። ተባራሪዎች ቤታቸውን እንዲሸጡ የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ወር ብቻ እንደነበርና ከአንዳንዱ ሽያጭ ላይ መቶ በመቶ የሚደርስ ግብር እንደተወሰደ ገልጾ ኢትዮጵያን ተጠያቂ አድርጓል። ኤርትራንም የተባረሩ ኢትዮጵያውያንን ንብረት በመያዝና ንብረታቸውን እንዳያስከብሩ በማደናቀፍ ተጠያቂ አደረገ። ነሐሴ 2001 ላይ የመጨረሻው ሒሳብ ወጣ፤ ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደ። ከዚህ ውስጥ ለግለሰብ አመልካቾች በስም የተወሰነው ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። የቀረው የተፈረደው ለመንግሥታት ነው። በስሟ ካርታ ይዛ የሞተች አንዲት እናትን ማን ይወርሳል የሚለው ጥያቄ ግን በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልነበረም። እሱ የተተወው ለሰፈር፣ ለቤተሰብና ለተራው ፍርድ ቤት ነው።

ሕጉ የሚቆጥራቸው ዓመታት

የውርስ ሕጋችን ያለው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን የተጻፈው ሰው አንድ ቦታ እንደሚገኝ በማሰብ ነው። ልጆች በእኩል ይወርሳሉ። ከልጆቹ አንዱ ከወላጁ ቀድሞ ከሞተ የእሱ ልጆች በምትኩ ይገባሉ። ወራሽ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ምስክር ወረቀት ያወጣል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ ይመጣሉ። አንድ ሰው ከጠፋና ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጥቅም ያለው ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይችላል (አንቀጽ 154)። የማይገባው ሰው ውርሱን ይዞብኛል የሚል እውነተኛ ወራሽ፣ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ሟቹ ከሞተ ወይም ከሳሹ በመብቱ መሥራት ከቻለ 15 ዓመት ካለፈ ደግሞ፣ ከዘር የወረደ ርስት ካልሆነ በቀር፣ ክሱ ቀሪ ነው (አንቀጽ 1000)። የውጭ ዜጋ በቅን ልቦና የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሆኖ ቢገኝ በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይገደድ ነበር (አንቀጽ 391)። ለተባራሪዎቹ የተሰጠው ግን አንድ ወር እንደነበር አስታውሱ።

ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት። ድንበሩ ተዘግቶ የቆየው ሃያ ዓመት ነው።

«በመብቱ መሥራት ከቻለ» የምትለውን ሐረግ ልብ በሉ። ጎበዝ ጠበቃ እዚያች ላይ ቆሞ ሊከራከር ይችላል፦ ደንበኛዬ ድንበር ተዘግቶበት ስለነበር አልቻለም ይላል። ግን ለመከራከርም ቢሆን መጀመሪያ እናትህ መሞቷን መስማት አለብህ።

ሌላም ነገር አለ። የምናወራው ስለ ፎቅና ስለ ፋብሪካ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን ለመንግሥት ካደረገ ወዲህ ለአብዛኛው ቤተሰብ የቀረው አንድ መኖሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ውርሱም ክሱም የሚያርፈው ሁሉም ባደገበት በአንዱ ግቢ ላይ ነው።

«አልጠፋም»

ጎፋ ሰፈር እኛ ግቢ አጠገብ የነበሩ አንዲት እናት ቤታቸውን ያገኙት ከአባታቸው ነው። ባላቸው ኤርትራዊ ተብለው በ1990 ክረምት ሲወሰዱ የ19 ዓመቱ የበኩር ልጃቸው አብሮ ሄደ። ሁለት ሴቶች ልጆች ከእናታቸው ጋር ቀሩ። እናትየው ጥቅምት 1998 ዓ.ም. አረፉ።

ከአርባው በኋላ ዘመድ ሁሉ ለትልቋ እህት የሚመክራት አንድ ነገር ነበር፦ ወንድምሽን ጠፍቷል ብለሽ አስወስኚና ቤቱን በስማችሁ አዙሩ። ሕጉም ይፈቅድልሻል፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚጠይቀው አሏት። እሷ አንድ መልስ ብቻ ነበራት። ስትመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦

«አልጠፋም እኮ። ያለበትን አውቃለሁ። መሄድ ነው ያልቻልኩት።»

ያኔ ግትርነት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ስለዚያ ዘመን የተነገረ ከዚህ የጠራ የሕግ አስተያየት አላውቅም። ሕጋችን የጠፋ ሰውን ያውቃል፣ የሞተ ሰውንም ያውቃል። ያለበት ከተማ እየታወቀ መንገዱ የተዘጋበት ሰው ግን ከሁለቱም ውስጥ አይገባም። እሷም በሐሰት ከምምል ብላ ቤቱን በሟች ስም ተወችው። በሟች ስም ባለ ቤት ብድር አይገኝም፣ መሸጥ አይቻልም። ጣሪያው ሲያፈስ በላስቲክ እየሸፈኑ 12 ዓመት ኖሩበት።

ሁሉም እንደ እሷ አደረገ ማለቴ አይደለም። ድህነትም አለ፣ ስስትም አለ። ድንበር ማዶ ያለን ወንድም ስሙን ሳይጠሩ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሦስት ምስክር «ሌላ ልጅ አናውቅም» ካለ አለቀ። ጦርነቱ የፈጠረው ፈተና ይሄ ነበር። የሌለውን ሰው ድርሻ የሚጠብቅለት የቀሩት ሰዎች ሕሊና ብቻ ሆነ።

ወሬ በሦስተኛ አገር

ሙሉ ዝምታ ግን አልነበረም። ሰው መንገድ አያጣም። ካርቱም፣ ናይሮቢ፣ ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ዘመድ ያለው ቤተሰብ በእሱ በኩል ወሬ ይለዋወጥ ነበር። አንዳንዱ ዘመድ ሁለት ስልክ ደውሎ አንዱን ከሌላው ጋር አፍ ለጆሮ አጋጥሞ ይይዝላቸዋል። ዘመድ የሌለው ደግሞ ቀይ መስቀል ነበረው። የቀይ መስቀል መልእክት ክፍት ወረቀት ነው፤ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበታል። ደህና ነን፣ ተወለደ፣ ሞተ። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ እንደ ልደትና ጋብቻ ማስረጃ ያሉ ሰነዶችንም ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ያሻግር ነበር። ለወራሽነት ጉዳይ ያቺ አንዲት ወረቀት ከብዙ እንባ ትበልጣለች።

ከዚያ ሐምሌ 2010 መጣ። ሐምሌ 2 ቀን አስመራ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ፤ ስልኩም በእነዚያው ቀናት ተከፈተ። ሰዎች ደስ ስላላቸው ብቻ የማያውቁትን ቁጥር እየደወሉ «ሰላም ነው?» ይሉ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ400 በላይ ሰው በሁለት አውሮፕላን ጭኖ አስመራ ገባ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ።

እኔ በዚያ ሳምንት ሥራ ፈት ተማሪ ነበርኩ፤ ሰፈር ውስጥ ጥሩ ስልክ ያለኝም እኔ ነበርኩ። ትልቋ እህት የወንድሟን ስም በወረቀት ጽፋ መጣች። «ፌስቡክ ላይ ፈልግልኝ» አለችኝ። የተማርኩት ያኔ ነው።

ስም እንዴት ይጠፋል

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የሰው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን፤ በየትውልዱ አንዱ ከኋላ ይወድቃል። የልጅ ልጅ ዘንድ ስትደርስ የአያቱ ስም ሦስተኛ ቦታ ላይ ነው፤ አንድ ትውልድ ካለፈ ጭራሽ አይኖርም። ወራሽ ፈላጊ ስምን ወደ ኋላ መከተል ይችላል፤ ወደ ፊት መከተል ግን አይችልም፤ የሚወለደው ልጅ ማን እንደሚባል ማን ያውቃል?

ፊደሉም አንድ ሆኖ ይለያያል። እዚህ ተስፋዬ ያልነው ሰው እዚያ ተስፋይ ይሆናል። መብራቱ መብራህቱ ይባላል፣ ኃይሌ ሃይለ ይባላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም አምስት መልክ ያወጣል። ፌስቡክ እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው እንደሆኑ አያውቅም። ፍርድ ቤትም በቀላሉ አያምንም፤ የእናት ማኅደር ላይ «ተስፋዬ» ተብሎ የልጅ ማስረጃ ላይ «ተስፋይ» ካለ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው የሚል ሌላ ማስረጃ አምጡ ይባላል።

በስም ፍለጋ ሁለት ሳምንት ፈጀን፤ ምንም አላገኘንም። ያገኘነው በሰው ነው። በአባትየው የድሮ የሥራ ባልደረባ በኩል፣ የባልደረባው እህት አስመራ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የምታውቃት ሴት፣ የዚያች ሴት ጎረቤት እያልን። አንድ ማታ ስልኩ ጮኸ፤ የአንዲት ልጅ ድምፅ ነበር። ትልቋን እህት «ኣሞይ» ብላ ጠራቻት።

አማርኛ የአባትንም የእናትንም እህት «አክስት» ብሎ በአንድ ያልፋል። ትግርኛ ግን ይለያል፤ የእናት እህት ሓትኖ ናት፣ የአባት እህት ኣሞ። ልጅቱ በአንድ ቃል ማን እንደሆነች ተናገረች፦ የወንድሟ ልጅ ናት። ወንድሟ ራሱ ለምን አልደወለም የሚለው ጥያቄም እዚያው ተመለሰ። በሕመም ከሞተ 13 ዓመት ሆኖታል። አባትየውም ቀደም ብለው አርፈዋል። ልጅቱ ያኔ 15 ዓመቷ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ነገር የሰነድ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ዘመን አቆጣጠር የሚባል ሌላ ጉድ አለ። የልጅየው የሞት ማስረጃ 2005 ይላል፤ የእናትየው 1998። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው እናት ከሰባት ዓመት በፊት ሞታ ልጁ በኋላ ተከተለ ይላል። ኤርትራ የምትቆጥረው ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የእሱ መጋቢት 2005 በእኛ መጋቢት 1997 ነው። ልጁ ከእናቱ ሰባት ወር ቀድሞ ሞቷል። እናት ልጄ በሕይወት አለ እያሉ ነው ያረፉት።

ይህ ቅደም ተከተል በሕግ ትርጉም አለው። ልጅ ከእናቱ በኋላ ከሞተ ድርሻውን አግኝቶ ነው የሞተው፤ ከእሱ ወደ ልጁ ይተላለፋል። ቀድሞ ከሞተ ግን የልጅ ልጅ በምትክ ነው የምትወርሰው። መጨረሻው አንድ ቢሆንም አቤቱታው በአንዱ መንገድ ተጽፎ ማስረጃው በሌላው ከመጣ ውጣ ውረዱ ብዙ ነው። ልጅቱ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች እናቷ በሞግዚትነት መቅረብ ነበረባት። ዝምድናውን ለማስረዳት ደግሞ ከመንግሥት ወረቀት ይልቅ የጠቀመን የእድር መዝገብ ነው። እድራችን «ቤተሰብ» ብሎ ለማን ቀብር እንደሚከፍል ለማወቅ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ይጽፋል። የ1988ቱ መዝገብ ላይ የወንድምየው ስም ከእናቱ ስም ሥር በደንብ ተጽፎ ተገኘ። ከምስክሮቹ አንዱ የዚያው እድር ጸሐፊ የነበሩ የ80 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ልጁን ክርስትና ሲነሳ አይተውታል።

በወራሽነት ምስክር ወረቀቱ ላይ ሦስት ስሞች ወጡ፤ ሁለት እህቶችና አንዲት የወንድም ልጅ። አዛውንቱ በዓመቱ አረፉ። ድንበሩ አንድ ዓመት ዘግይቶ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ያ ምስክር አይኖርም ነበር።

ኮሪያ ላይ የሆነው

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1951 እ.ኤ.አ. የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን የዘመቱበት የኮሪያ ጦርነት እስከ ዛሬ የተለያዩ ቤተሰቦችን ትቷል። በ1983 እ.ኤ.አ. የደቡብ ኮሪያው ብሔራዊ ቴሌቪዥን ኬቢኤስ ለ95 ደቂቃ ያሰበው የቤተሰብ ፍለጋ ፕሮግራም ሰዉ ስለጎረፈበት 138 ቀን ቆየ፤ 453 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ቀጥታ ተላለፈ። 10,189 ቤተሰብ ተገናኘ። ቅጂዎቹን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ አስፍሯቸዋል። እሱ ግን ደቡብ ውስጥ የተጠፋፉትን ነው ያገናኘው፤ ሰሜን የቀሩት ቴሌቪዥኑን አያዩትም።

በ2009 እ.ኤ.አ. ሰሜን ኮሪያ የሚኖሩ እህትማማቾችና ወንድማማቾች ደቡብ ላይ በሞተ አባታቸው ውርስ ክስ መሠረቱ። ለዘረመል ምርመራ የሚሆን ፀጉርና ጥፍር ድንበር ተሻግሮ መጣ፤ ልጅነታቸው ተረጋገጠ፤ ክሱ በስምምነት አለቀ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደቡብ ኮሪያ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተለየ ሕግ አወጣች። የሰሜን ነዋሪ መውረስ ይችላል፤ ድርሻውን የሚጠብቅለት አስተዳዳሪ ይሾምለታል። ወንድሙ እስኪመጣ የሚጠብቀው የእህት ሕሊና ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ነው።

ያም ሆኖ በ2016 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ውርስን ለማስመለስ የተቀመጠው የአሥር ዓመት ገደብ ለሰሜን ነዋሪዎችም ይሠራል ብሎ ወሰነ። ቤት የገዛ፣ ውል የተዋዋለ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ንብረት ለዘላለም አንጠልጥሎ ማቆየት አይቻልም የሚለውም ክርክር ክብደት አለው። እኔ ግን ያቺን የጎፋ ሴት አስባለሁ። የማይቻልን ነገር በጊዜው አላደረግክም ብሎ ሰውን መቅጣት ፍትሕ አይመስለኝም። እኛ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የወጣ የተለየ ሕግም የለንም።

ምስክር ሳይሞት

የ2011 የድንበር መከፈት ብዙ አልቆየም፤ በወራት ውስጥ ኬላዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ነሐሴ 2016 መጨረሻ ላይ የአስመራ በረራውን አቋረጠ። በመካከሉ ሌላ ጦርነት መጣ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በነበረው ጦርነት ትግራይ ለአብዛኛው ጊዜ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ቆየች፤ በአማራና በአፋርም ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ያኔ ስልክ ተቋርጦ ሳለ የሞቱ ወላጆች አሉ፤ ሱዳን ተሻግረው የቀሩ ልጆች አሉ። በእነሱም ላይ ያው ሁለት፣ ሦስት፣ አሥራ አምስት ዓመት እየተቆጠረ ነው።

ሕግ እስኪወጣ የምንጠብቅ ከሆነ ጊዜ የለንም። በእጃችን ያለው ነገር ግን ትንሽ አይደለም። በዚህ ሳምንት አያታችሁ ዘንድ ሂዱና ስም ጻፉ። የልጆቿን ሁሉ፣ የሞቱትንም የሄዱትንም፣ የአባት የአያት ስማቸውን ጨምራችሁ። የክርስትና ስም ካለ እሱን፣ የተጠመቁበትን ደብር፣ የእድሩን ስም፣ የድሮውን የቀበሌና የቤት ቁጥር። ዓመተ ምሕረት ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። የእድር መዝገቡን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ማን በምስክርነት ሊቆም እንደሚችል ጠይቁ፤ በሕይወት ካለም ድምፁን ቅዱ። የተቀዳ ድምፅ ፍርድ ቤት የቆመን ምስክር አይተካም፤ ነገ ፈላጊው ከየት እንደሚጀምር ግን ይነግረዋል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ስሙ የማይጠራ ሰው በቤታችሁ ካለ ጠይቁ። ወራሹ ማን ነው ብሎ ዳኛ ሲጠይቅ የሚመልሱት ያሉት ናቸው፤ የሌለው ሰው የሚቆጠረው እነሱ ስሙን ከጠሩት ብቻ ነው።